ቆዳ ወይስ ጨርቅ? ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት የተፈተነ የመኪና ወንበር

መኪና ሻጭ «ሙሉ ቆዳ ነው» ሲል ድምፁ ከፍ ይላል። «ወንበሩ ጨርቅ ነው» ብሎ የሚኮራ ሻጭ ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ ጨርቅ በሆነ ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ሞተሩ ነው። እኔ የገዛኋት መኪና ከዱባይ ያገለገለች ሆና የገባች ናት። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ከፊት እስከ ኋላ ጥቁር፣ ቆዳ መሳይ ልብስ አሰፍቶላት ነበር፤ ከሥሩ ፋብሪካው ያለበሳት ግራጫ ጨርቅ አለ። በዚያ ጥቁር ልብስ ላይ ክረምቱንም፣ የውርጩን ወራትም፣ የቆላውን የግንቦት ሙቀትም ካሳለፍኩ በኋላ የፊቶቹን ሁለት ወንበሮች አስገፍፌ ወደ ጨርቁ ተመለስኩ። የኋላውን እንዳለ ተውኩት። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ እውነተኛ ቆዳ ያለበሰ መኪና አለው፤ ሥራ ሲያስገድደን ስለምንቀያየር ጨርቁንም፣ ሰው ሠራሹንም፣ የከብቱንም ቆዳ ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የግንባታ ዕቃ ንግድ ስላለኝ ወደ ሸዋ ሮቢት እመላለሳለሁ። መንገዱ ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ይነሳና ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይጠመዘዛል፤ ከዚያ አርማንያን አልፎ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ይህ ሁሉ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጠዋት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው እኩለ ቀን ላይ ሸሚዙን ይፈታል። አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ሰው ቆዳና ጨርቅ የመልክ ጉዳይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በእኛ መንገድ ግን ወንበሩ በአንድ ቀን በሁለቱም ጫፍ ይፈተናል።

ከቆዳው ጋር የተጣላሁት በማለዳ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውጭ ያደረ መኪና መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ይገኛል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። እናቴ ከኅዳር ማለዳዎች በአንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ላደርሳት አስገባኋትና ገና ከመቀመጧ ብድግ አለች። «አንተ ልጅ፣ ይህ መቀመጫ ነው ወይስ የወፍጮ ድንጋይ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነጠላዋን ሳይሆን ጋቢዋን አጥፋ ከሥሯ ሳታነጥፍ አትቀመጥም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ቦታ ያደሩ ቆዳና ጨርቅ በሙቀት መለኪያ ቢታዩ እኩል ቀዝቃዛ ናቸው። ጨርቁ ግን በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ የሰውነትን ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው። ቆዳው፣ በተለይም በላዩ ፕላስቲክ የተቀባው፣ ጥቅጥቅ ያለና ልሙጥ ስለሆነ ከገላ ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥምና ሙቀቱን በአንድ ጊዜ ይመጠምጣል። በዚህ ረገድ የወንድሜ እውነተኛ ቆዳ ከእኔ ሰው ሠራሽ ብዙም አልተሻለም፤ ልዩነቱ ቶሎ መሞቁ ብቻ ነው።

ወንበሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው መኪና ከሆነ ይህ ክርክር በከፊል ይቀራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ አሁን አዲስ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚያየው፤ እነዚህ ደግሞ በብዛት ሰው ሠራሽ ቆዳ ለብሰው ይመጣሉ። ደገኛ ገዢ የስክሪኑን ስፋት ከመለካቱ በፊት የወንበር ማሞቂያ መኖሩን ቢጠይቅ ይሻለዋል። የወንበር ማሞቂያ የሚፈልገው ከ50 እስከ 100 ዋት ገደማ ነው፤ የመኪናውን አየር በሙሉ ማሞቅ ግን ኪሎ ዋቶችን ይበላል፤ የሚቀነሰውም ከባትሪው ጉዞ ላይ ነው። ለብርድ አገር ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ጠመዝማዛ ላይ ልሙጥ ወንበር አድካሚ ነው። ጋቢ ወይም የሱፍ ካፖርት ለብሶ ቆዳ ላይ የተቀመጠ ሰው በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ሹፌሩም ሳያውቀው መሪውን ጨብጦ ራሱን ይደግፋል፤ ደብረ ሲና ሲደርስ ትከሻው ዝሏል። ጨርቁ ልብስን ያዝ ስለሚያደርግ ይህ የለም። እኔ የፊቱን ወንበር እንዳስገፍፍ የወሰንኩት ከብርዱ ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጨርቁም ግን በዚያው ተራራ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ጣርማበር በጉም ይታፈናል፤ ተሳፋሪው ልብሱን አርሶ ይገባል፤ ጨርቁ ያንን እርጥበት ይጠጣና ማሞቂያው ሲከፈት መልሶ እንደ ላብ ወደ መስታወቱ ይልከዋል። ውጭው ጉም፣ ውስጡ ጉም ይሆናል። መፍትሔው ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን በአንድነት ከፍቶ አየሩን ወደ ፊት መስታወቱ ማዞር ነው፤ ማቀዝቀዣው እርጥበቱን ከአየሩ ላይ ይለቅመዋል። ብዙ ሰው በብርድ ማቀዝቀዣ መክፈት ነዳጅ ማባከን ስለሚመስለው በመዳፉ መስታወት እየጠረገ ይነዳል። ደግሞም በሐምሌ የታጠበ የጨርቅ ወንበር ደብረ ብርሃን ውስጥ በቶሎ አይደርቅም፤ ስፖንጁ ውኃ እንደያዘ ከተዘጋበት ይሻግታል፤ ሽታውም እስከ መስቀል አይለቅም። ስለዚህ በክረምት ጨርቅ አላሳጥብም፤ በብሩሽና በትንሽ የሳሙና አረፋ ላዩን ብቻ አስጠርጌ በደረቅ ፎጣ አስመጥጣለሁ።

ሸዋ ሮቢት ላይ ያለው ፈተና አጭር ነው፤ ፍርዱም ግልጽ ነው። ጥላ በሌለበት የቆመ መኪና ውስጥ ጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ ያቃጥላል፤ ከተቀመጡበት በኋላም አየር ስለማያሳልፍ ጀርባ በላብ ይርሳል። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቆዳ ይሻላል፤ የወንድሜ እንደዚያ ነው፤ ቀለሙም ነጣ ያለ በመሆኑ ሙቀቱ ይቀንሳል። ጨርቅ ግን ለዚህ ምንም ቀዳዳ አያስፈልገውም።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ ሰው የኋላውን ቆዳ ለምን እንዳላነሳሁት ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ቅቤ ነው።

አክስቴ የምትኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ለበዓል የላከችውን ቅቤ ሸዋ ሮቢት ላሉት ዘመዶች የማደርሰው እኔ ነኝ። ቅቤው ደጋ ላይ እያለ ድንጋይ ነው፤ ማንም ሰው የኋላ ወንበር ላይ ቢያስቀምጠው ክፉ ነገር አያስብም። ደብረ ሲናን ካለፉ በኋላ ግን ዕቃው ውስጥ መላላት ይጀምራል፤ አርማንያ ላይ ፈሳሽ ነው፤ ክዳኑ ያልገጠመ እንደሆነ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ግማሹ ወንበሩ ላይ ነው። በቆዳው ላይ የፈሰሰው በጨርቅ ተጠረገ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታሸ፤ አለቀ። በሌላ ጉዞ የፊተኛው ጨርቅ ላይ የተንጠባጠበው ጥቂት ቅቤ ግን ላዩ ቢጠፋም ስፖንጁ ውስጥ የገባው እየቆየ ሸተተ። የተሻለው ዘዴ ቅቤው እንደፈሰሰ ሳያሹ በማንኪያ ማንሳት፣ ከዚያ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ማሳደር ነው፤ ዱቄቱ ቅባቱን ይስባል፤ ጠዋት ተጠርጎ በሳሙና ይታጠባል። ውኃ ቀድሞ ያፈሰሰበት ሰው ግን ቅቤውን ወደ ውስጥ ሸኝቶታል።

ከቆላ ስመለስ ደግሞ ሽንኩርት፣ ማንጎና ማሾ ነው የምጭነው። ሕፃናቱ፣ የጭቃ ጫማው፣ ለእንግዳ የሚወሰደው የጠላ ጀሪካን፣ ሁሉም የኋላ ወንበር ዕጣ ነው። ቁንጫንም አልዘለውም፤ የገጠር ቤት ያደረ ሰው ይዟት ሊገባ ይችላል፤ በጨርቅ ክርና ስፌት መካከል ተደብቃ ለሳምንታት ታሳክካለች፤ ቆዳ ላይ መደበቂያዋ ትንሽ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ማንም ረጅም ሰዓት አይቀመጥም፤ የሚፈሰው፣ የሚደፋው፣ የሚረገጠው ግን እዚያ ነው። የፊት ወንበር በተቃራኒው ሰው ሰዓታትን የሚያሳልፍበት እንጂ ዕቃ የሚጫንበት አይደለም። አንድ መኪና ከፊት እስከ ኋላ አንድ ዓይነት መልበስ አለበት ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሰርግ የሚሄደው መኪናው አይደለም።

አሁን ደግሞ ስለ «ቆዳ» የሚባለው ነገር። ፋብሪካ «ቆዳ» ብሎ በሚሸጣቸው ብዙ መኪናዎች እንኳ እውነተኛው ቆዳ ያለው ገላ በሚነካው ፊት ላይ ብቻ ነው፤ ጎኑና ጀርባው ፕላስቲክ ነው። የወንድሜም እንደዚያ ነው፤ በዓይን አይለይም፤ ጎኑ በብርድ ሲጠነክር ብቻ ነው የሚያስታውቀው። ሰፊ ጋ ሄዳችሁ ቆዳ ስትመርጡ ላዩን አትመልከቱ፤ ከላይ የታተመው የቆዳ መልክ ማንንም ያታልላል። የተቆረጠውን ጠርዝና ጀርባውን እዩ። እውነተኛ ቆዳ ጀርባው ሻካራና ቃጫማ ነው፤ ሰው ሠራሹ ግን ጀርባው ላይ የተሸመነ ጨርቅ ወይም ስስ ስፖንጅ ይታያል። ለመኪና የሚሆነው የከብት ቆዳ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «የአገራችን በግ ቆዳ ዓለም የሚያውቀው ነው» ብሎ የበግ ቆዳ ሊሰፋላችሁ የሚፈልግ ካለ፣ ስለ ዝናው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዝናው ለጓንትና ለጃኬት ነው። ስስና ለስላሳ ስለሆነ የወንበርን ፍትጊያ አይችልም።

ሰው ሠራሹ እንዴት እንደሚያረጅ በእኔው መኪና አይቻለሁ። መጀመሪያ የተጎዳው የሹፌሩ ወንበር የግራ ጠርዝ ነው፤ በየመግቢያውና በየመውጫው ሱሪ የሚፈትገው እሱን ነው። ፕላስቲኩን ለስላሳ የሚያደርገው ቅመም በፀሐይ ሙቀት እየተነነ ሲያልቅ ፕላስቲኩ ይደርቃል፤ ከዚያ ብርዱ ያገኘውና መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ከፍታ ላይ የፀሐዩ ጨረር ስለሚበረታ ደብረ ብርሃን ብርድ ናት ብሎ መኪናን ፀሐይ ላይ ማዋል ወንበሩን ማስረጀት ነው። ፖሊዩሪታይን የሚባለው ፕላስቲክ የተቀባው ዓይነት ደግሞ ከጊዜ ብዛት በእርጥበት እየላላ ቅርፊት ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል፤ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እውነተኛ ቆዳም ይሰነጠቃል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ እንክብካቤም ይቀበላል። ብቻ እንደ አያቶቻችን ጠፍር ቅቤ አትቀቡት። የመኪና ቆዳ ላዩ በመከላከያ ቀለም የተሸፈነ ስለሆነ ቅባቱ አይገባም፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ልብስ ያበላሻል። በእርጥብ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ጠርጎ፣ ለመኪና ቆዳ የተዘጋጀውን ማለስለሻ አልፎ አልፎ መቀባት ይበቃዋል።

የፊቱን ልብስ ስናስገፍፍ ያየሁት ነገር ግን ከብርዱም ከቅቤውም የከበደ ነው። የፊት ወንበሮቹ የውጭ ጎን ላይ ኤርባግ፣ ማለት በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከል የአየር ከረጢት፣ አለ፤ ምልክቱም ጨርቁ ላይ ተሰፍቷል። ጥቁሩ ልብስ ግን ወንበሩን ዙሪያውን በወፍራም ክር ጠፍሮ ምልክቱንም መውጫውንም ሸፍኖት ነበር። ፋብሪካው በዚያ ቦታ የሚሰፋው ኤርባጉ ሲፈነዳ በቀላሉ እንዲተረተር ተብሎ ነው፤ ተራ ሰፊ በሁለት ድርብ የሰፋው ግን መንገዱን ሊዘጋበት ይችላል። ሻጩም፣ የሰፋውም፣ እኔን ያሳየኝ ደላላም ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የተሰፋ ልብስ ያለው መኪና ያላችሁ ሰዎች የወንበሩን የበር በኩል ጎን ዛሬውኑ ዳስሱ።

በጨርቁ ላይ አሁን የመንዝ በግ አጎዛ አነጥፋለሁ፤ መቀመጫውንና መደገፊያውን ብቻ ይሸፍናል፤ ጎኖቹ ክፍት ናቸው። ሱፍ እርጥበትን ወደ ውስጡ ስቦ ሳይርስ የመያዝ ጠባይ ስላለው ደብረ ብርሃን ላይ ያሞቃል፤ ሸዋ ሮቢት ላይም ላብ አያስይዝም። በቆዳው ላይ ሞክሬው ነበር፤ አጎዛው ራሱ ከነሰውየው ይንሸራተታል። ጨርቅ ላይ ግን ከሥሩ ሁለት ማሰሪያ ከታሰረለት አይነቃነቅም። ሽታ እንዳይኖረው በደንብ የለፋ አጎዛ መምረጥ ነው፤ ያልለፋ እንደሆነ ቆላ ሲደረስ በግ የተጫነ ይመስላል።

የኋላው ልብስ ስፌቱ መላላት ጀምሯል። ከክረምቱ በፊት እንደገና አሰፋዋለሁ፤ እንደገና ሰው ሠራሽ ነው የማሰፋው፤ ለቅቤና ለሽንኩርት የከብት ቆዳ አላወጣም። ቀለሙ ግራጫ ይሆናል፤ የሕፃናት መቀመጫ ማሰሪያ ቀለበቶቹ እንዳይሸፈኑም ለሰፊው ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጌ እሰጠዋለሁ።