ኤብልተን ሳምፕለር ለክራር፣ ለማሲንቆና ለበገና ይሆናል? የረጅም ጊዜ ተጠቃሚ ግምገማ

ካለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ቤቴ ውስጥ በማቀናብራቸው ሙዚቃዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ኤብልተን ላይቭ የተባለውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ሳምፕለር ስጠቀም ቆይቻለሁ። ሳምፕለር፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅ ተቀብሎ በኪቦርድ የሚያጫውት ፕሮግራም፣ ዛሬ በነጻም ይገኛል። ገንዘብ የሚያስወጣው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ የተቀዳውን ድምፅ በፊልተር (ከድምፁ ከፊሉን በሚቆርጥ)፣ በኤንቨሎፕ (ነገሩ ከጊዜ ጋር እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወርድ በሚወስን) እና በሞዱሌሽን (አንዱ ቅንብር ሌላውን እንዲያንቀሳቅስ በማድረግ) እየቀረጹ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ። ስለዚህ የምመዝነው በዚህ ብቻ ነው፤ ሚዛኔም የራሳችን መሣሪያዎች ናቸው። ስለ ፒያኖውና ስለ ቫዮሊኑ ሌላው ዓለም የሚበቃውን ያህል ጽፏል።

ለማያውቀው ልንገር፤ ላይቭ ውስጥ ሁለት የሚመሳሰሉ መሣሪያዎች አሉ። ሲምፕለር በርካሾቹ እትሞችም ይገኛል፤ የሚይዘው ግን አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሳምፕለር የሚመጣው ስዊት ከተባለው ውድ እትም ጋር ሲሆን፣ ብዙ ቅጂዎችን በቁልፍና በአመታት ኃይል ከፋፍሎ ይይዛል፤ ሦስት ኤልኤፍኦዎች (ሌላ ቅንብርን በዝግታ የሚያወዛውዙ) እና አንድ ተጨማሪ ኤንቨሎፕም አለው።

በክራር ልጀምር። የክራር ጅማት በእርጋታ ሲነካ ድምፁ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ይለዝባል፤ ከላይ ያሉት ሃርሞኒኮች (ከዋናው ኖታ ጋር አብረው የሚሰሙት ከፍ ያሉ ድምፆች) እምብዛም አይነሱም። በኃይል ሲመታ ደግሞ ይፈካል። ከኮምፒውተር የሚወጣው ክራር ብዙ ጊዜ የውሸት የሚመስለው ይህ ልዩነት ስለሚጠፋበት ነው። በኃይል የተመታ አንድ ቅጂ ይወሰዳል፤ ቁልፉ በቀስታ ሲነካ የድምፁ መጠን ብቻ ዝቅ ይላል፤ ውጤቱም አጠገባችን የሚያንሾካሹክ ሳይሆን ከሩቅ የሚጮህ ሰው ይመስላል።

ሳምፕለር ይህን የሚፈታው በፊልተሩ ገጽ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ቁጥር ነው፤ የቁልፉ አመታት ኃይል ካትኦፉን (ፊልተሩ መቁረጥ የሚጀምርበትን ነጥብ) ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅሰው የምትወስነው ናት። እኔ ባለ 24 ዴሲቤል ሎው ፓስ (ከካትኦፉ በላይ ያለውን የሚቆርጥ ፊልተር) መርጬ፣ ካትኦፉን ወደ 1.8 ኪሎ ኸርዝ አውርጄ፣ ይህችን ቁጥር ግማሽ አካባቢ አደርጋታለሁ። ከዚያ የፊልተሩን ኤንቨሎፕ እከፍታለሁ፦ አታክ (የመነሻው ጊዜ) ዜሮ፣ ዲኬይ (የመውረጃው ጊዜ) ሩብ ሰከንድ ያህል፣ ሰስቴን (ቁልፉ ተይዞ ሳለ የሚቆይበት ደረጃ) ወደ ታች፣ መጠኑ 24 ሴሚቶን። ሃያ አራት ሴሚቶን ሁለት ኦክታቭ ስለሆነ ካትኦፉ በመጀመሪያዋ ቅጽበት አራት እጥፍ ከፍ ይልና ወዲያው ይወርዳል። ጣት ጅማቱን ሲለቅ የምትሰማው «ጥ» የምትል ብልጭታ የምትመጣው ከዚህ ነው። ፊልተሩ የኖታውን ከፍታ እንዲከተል ማድረግም መረሳት የለበትም፤ አለበለዚያ የታችኞቹ ኖታዎች ፈክተው የላይኞቹ ታፍነው ይቀራሉ።

ስለ ቅኝት ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። በጆሮ የተቃኘ ትዝታ ወይም አንቺሆዬ ከፒያኖ ቁልፎች ጋር ልክ በልክ አይገጥምም። ሳምፕለር ውስጥ እያንዳንዱን ቅጂ ለብቻው በሴንት (በሴሚቶን መቶኛ) ማስተካከል ስለሚቻል ችግሩን ድሮም በትዕግሥት ማለፍ ይቻል ነበር። በ2024 ከወጣው ላይቭ 12 ወዲህ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ የስካላ ፋይል (ቅኝት የሚጻፍበት የፋይል ዓይነት) ያነባል፤ ቅኝቱን አንድ ጊዜ ጽፎ ማስቀመጥ በቂ ሆኗል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ማሲንቆ ነው። የተገዘገዘ ድምፅ ቁልፉ እስከተያዘ ድረስ እንዲቀጥል ከቅጂው ውስጥ የሚደጋገም ክፍል መምረጥ ግድ ነው፤ የፈረስ ጭራው ድምፅ ደግሞ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ መጋጠሚያው ይሰማል። የክሮስፌዱን (የክፍሉ መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር የሚቀላቀልበትን) ርዝመት በመጨመር መገጣጠሚያውን መደበቅ ይቻላል፤ ሲበዛ ግን ድምፁ ይደበዝዛል፣ ሻካራነቱም ይሄዳል። ማሲንቆ ያለ ሻካራነቱ ምን ሊሆን?

ንዝረቱ ሌላ ታሪክ ነው። ማሲንቆውን የተጫወተልኝ አዝማሪ እንዲቀዳልኝ የጠየቅሁት ጣቱን ሳያወዛውዝ ነበር፤ ንዝረቱን በኤልኤፍኦ ልጨምረው። በሰከንድ አምስት ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ ሳይን (ለስላሳ ማዕበል) ከፒች (ከኖታው ከፍታ) ጋር አገናኘሁና አሰማሁት። ጥቂት አዳመጠና «ይህን ሰው ብርድ መቶታል እንዴ?» አለኝ። ፍርዱ ትክክል ነበር። ማሲንቆ ገዝጋዥ ኖታውን እንደያዘ አይንቀጠቀጥም፤ መጀመሪያ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ያወዛውዘዋል። ኤልኤፍኦው የራሱ አታክ አለው፤ ወደ 700 ሚሊሰከንድ ሲደረግ ንዝረቱ ዘግይቶ ቀስ እያለ ይገባል። በየኖታው እንደ አዲስ እንዲጀምር የሚያደርገውን ቁልፍ ማጥፋት ደግሞ ሁለት ኖታዎች አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ ይረዳል። በመጨረሻ ሦስተኛውን ኤልኤፍኦ ወደ ራንደም ቀይሬ በጣም በትንሹ ከካትኦፉና ከድምፅ መጠኑ ጋር አገናኘሁት፤ የክንዱ ጫና ከፍ ዝቅ የሚል ይመስላል። አዝማሪው አሁንም ማሲንቆ ነው አይልም፤ መሳቁን ግን ትቷል።

በገና ላይ ስደርስ ፊልተሩ ራሱ ደስታ ሆነ። የበገና ጅማት እንዚራው (በጅማቱና በድልድዩ መሃል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ላይ እየተንቀጠቀጠ ስለሚነዝር ድምፁ ከታች እስከ ላይ በሃርሞኒክ የተሞላ ነው፤ ፊልተር ደግሞ የሚቆርጠው ነገር ሲበዛለት ነው ችሎታው የሚታየው። ሳምፕለር ውስጥ አምስት የፊልተር ሰርኪዩቶች ተቀምጠዋል። ክሊን የሚባለው እንደ ስሙ ንጹሕና ለፕሮሰሰርም ቀላል ነው። ኦኤስአር፣ ኤምኤስ ቱ፣ ኤስኤምፒና ፒአርዲ የአናሎግ ሲንተሲሳይዘርን ጠባይ ይዘዋል፤ ድራይቭም (ድምፁን የሚያወፍርና የሚያሻክር) አላቸው። ፒአርዲ ሬዞናንሱ (በካትኦፉ ዙሪያ ያለውን ድምፅ የሚያጎላው) ገደብ ስላልተበጀለት ሲገፉት ያፏጫል፤ ለበገና አይሆንም። ኤምኤስ ቱ ግን ድራይቩ ትንሽ ሲነሳ የእንዚራውን ንዝረት ያወፍረዋል እንጂ አያበላሸውም። እዚህ ላይ የፊልተሩን ኤንቨሎፕ አታክ ረዘም አድርጌ፣ ንዝረቱ ከጨለማ ተነስቶ ቀስ በቀስ እንዲከፈት አደርገዋለሁ። (በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ለጭፈራ ሙዚቃ አላውለውም። ይህ የእኔ ድንበር ነው፤ ሌላው የራሱን ያስምር።)

ከበሮ ቶሎ ያልቃል፦ የሰፊውን ፊት ቅጂ ወስዶ የፒች ኤንቨሎፑን ከ12 ሴሚቶን በ60 ሚሊሰከንድ ውስጥ እንዲወርድ ማድረግ ብቻ ነው። ደረት ይመታል።

የማይስማሙኝ ነገሮችም አሉ። ገጾቹ ብዙ ናቸው፤ ፊልተሩ በአንዱ፣ ኤልኤፍኦዎቹ በሌላው፣ ሞዱሌሽን ዊሉ (የኪቦርዱ መንኮራኩር) በሦስተኛው ስለሆኑ ካትኦፉን ማን እያንቀሳቀሰው እንደሆነ በአንድ እይታ ማየት አይቻልም። ድምፁ እንግዳ ነገር ሲያደርግ ጥፋተኛውን ፍለጋ ከገጽ ገጽ መንከራተት ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኤልኤፍኦ ከሁለት ሁለት መዳረሻ በላይ አይቀበሉም፤ የማዕበሉን ቅርጽም በእጅ መሳል አይቻልም። ስዊት ውስጥ ያለው የማክስ ፎር ላይቭ ሼፐር ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ግን ሌላ መስኮት፣ ሌላ ጣጣ ነው።

ሳምፕለሩን የማልወቅስበት አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ከማልጠራው ሻጭ የገዛሁት የክራር ስብስብ ውስጥ የአዳራሹ ማስተጋቢያ አብሮ ተቀድቷል። ፊልተሩ ሲዘጋ ክፍሉም አብሮ ይዘጋል፤ ሲከፈትም እንደዚሁ፤ የትኛውም ኤንቨሎፕ ሁለቱን አይለያይም። ቅጂው ደረቅ መሆን አለበት፤ ብርድ ልብስ በተሰቀለበት መኝታ ክፍል በአንድ ማይክሮፎን የቀዳሁት ከተገዛው በብዙ ይሻላል።

ታዲያ ይገዛ? ድምፅ እየቆራረጠ ምት ለሚሠራ ሲምፕለር ይበቃል፤ ያው ፊልተር ከነሰርኪዩቶቹ፣ ሦስት ኤንቨሎፖችና አንድ ኤልኤፍኦ አሉት። ከላይ ያልኩት የክራርና የከበሮ ሥራ በሙሉ በእሱም ይሠራል። ማሲንቆንና በገናን በበርካታ ቅጂዎች መገንባት ለሚፈልግ ግን ሳምፕለር ዋጋውን ያወጣል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ እኔ ዋሽንግተን ያለው ወንድሜ ነው የከፈለልኝ። ከዚያ በፊት የ30 ቀኑን ነጻ የሙከራ ጊዜ መጠቀም ይሻላል፤ ሙሉው ስዊት ይከፈታል። የሲምፕለሩን ርዕስ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ወደ ሳምፕለር መለወጥ ስለሚቻል፣ በሲምፕለር የተጀመረ ሥራ ከነቅንብሩ ይተላለፋል።