የቱሉ ዲምቱው ጫማ፦ ቆዳው የኛ፣ ሶሉ የሰው አገር

ለችኩሎች ፍርዱን በቅድሚያ ልስጥ። ጫማው ጥሩ ነው፣ ግዙት። ዋጋው 3,400 ብር ነው። የሚሸጠው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየሙን አለፍ ብሎ ከተደረደሩት የማምረቻ ሼዶች በአንዱ ውስጥ ነው። ታፔላ ስለሌለው ጠይቃችሁ ካልሆነ አታገኙትም። ስማቸውን ያልጻፍኩት የምወቅሳቸው ነገር ስላለ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ይረዝማል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ጫማ ሲገዛ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ቤተሰቦቼም ለምደውታል።

ጫማው ቡናማ ነው፣ ባለ ክር፣ ለቢሮም ለለቅሶም የሚሆን ዓይነት። የላይኛው ክፍል የበሬ ቆዳ ነው። ቃሉን ብቻ እንዳላምን ብሎ መሰለኝ፣ ሻጩ ልጅ ከጠረጴዛው ስር ቁራጭ አንስቶ በላይተር ለኮሰልኝ። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ ጠርዙ ከሰለ እንጂ አልቀለጠም። ሲንተቲክ ቢሆን ኖሮ ይንጠባጠብ ነበር። ገበሩ የበግ ሌጦ ነው፣ እግር አይልጥም። ስፌቱን በጣቴ እየተከተልኩ ዙሪያውን አየሁት። ተረከዙ ጋ ድርብ ነው፣ የዘለለ ቦታ አላገኘሁም። ሰፈራችን ያለው ሊስትሮ ሳይቀር አገላብጦ አይቶ "ይሄማ ዕቃ ነው" ብሎኛል። ሊስትሮ ደግሞ በጫማ ጉዳይ አይዋሽም።

ከዚያ ገለበጥኩት። ሶሉ ከቻይና የመጣ ነው። ማስቲሹም። ክሩም፣ ክሩ የሚገባባት የብረት ቀለበትም።

"ታዲያ የኛው ምኑ ነው?" አልኩት።

"ቆዳውና ድካሙ ነዋ፣ ጋሼ" አለኝ ሳይከፋው።

አገራችን ከደርግ ጀምሮ የሞከረቻቸው የልማት መንገዶች ሁሉ ይቺ ጫማ ላይ የሆነ ምልክት ትተዋል። አጋንነህ ነው የምትሉኝ ካላችሁ ሼዱ ጥግ ላይ ቆዳ የሚቆርጡትን አባት ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠሩት። ደርግ በ1967 ከ70 በላይ ትልልቅ ድርጅቶችን ሲወርስ ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ መንግሥት ያቅዳል፣ ፋብሪካው ያመርታል፣ ሕዝቡ ይጫማል።

"ያኔ ጫማው ይሸጥላችሁ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

ሳቁብኝ። "ሌላ ምን ሊገዛ ልጄ? የኛ ጭንቀት ኮታው ነበር። 39 ቁጥር ከበዛ አገሩ 39 ይጫማል።"

ያ ዕቅድ እንዳልሠራ የታወቀ ነው። እጃቸው የተገራው ግን እዚያ ነው። ቆዳውን ከመቁረጣቸው በፊት በመዳፋቸው ይዳብሱታል። ጠባሳ ያለበትን ቦታ ያገኙና ከክሩ ስር ለሚደበቀው ምላስ ያደርጉታል፤ ንጹሑን ለፊት። ወጣቶቹን የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው፣ ለማስተማሩ ግን የሚከፍላቸው የለም። ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ስብሰባ ለምንጠራ ሰዎች ይህን ማየት ትንሽ ያሳፍራል።

ከ1983 በኋላ በሩ ተከፈተ። በ1985 የዶላር ዋጋ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ወጣ፣ ንግዱም ቀስ በቀስ ለቀቅ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቻይና ጫማ መርካቶን አጥለቀለቀው፤ ከሸራ ተራ ጫማ ሰሪዎችም ብዙዎቹ ዘጉ። የተረፉት ግን ዲዛይን እየኮረጁ፣ ጥራት እያሻሻሉ ገበያቸውን መልሰው ያዙ። ውድድሩ የገደለውን ገድሎ የተረፈውን አስተማረ ማለት ነው። ይህ ታሪክ ለነፃ ገበያ ወዳጆች ይጥማቸዋል፣ የተዘጋባቸውን ሰዎች ግን ሲጠቅሱ አልሰማሁም።

ሼዱ ራሱ የሌላ ስትራቴጂ ልጅ ነው። መንግሥት በ1990 የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ አወጣ። ተደራጁ፣ ቆጥቡ፣ ብድር ውሰዱ፣ መሥሪያ ቦታ ይሰጣችኋል፣ ስታድጉ ለሌላው ትለቃላችሁ። በወረቀት ላይ ግሩም ነው። እዚህ ያሉት ልጆች ግን ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ አድገናል ብለው መውጣት አይፈልጉም። "ካደግን ልቀቁ ይሉናል" አለኝ አንዱ። ማሽን መጨመር ይችላሉ፣ አይጨምሩም። ሰው መቅጠር ይችላሉ፣ የሚቀጥሩት ለበዓል ሰሞን ብቻ ነው። ማደግ የሚያስቀጣ ከሆነ ማን ያድጋል? ማስተር ስሠራ እንኳን ማንም እንዲህ በግልጽ አልነገረኝም።

ትልቁ መንገድ ደግሞ ቃል በቃል ከዚሁ ደጃፍ ይነሳል። በ2006 የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዳማ የፍጥነት መንገድ መግቢያው ቱሉ ዲምቱ ነው። በዚያው አቅጣጫ ዱከም ላይ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ፣ ወረድ ሲሉ ሞጆና የቆዳ ፋብሪካዎቿ። መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2003 ሼንዘን ሄደው የቻይናውን ጫማ አምራች ሁዋጂየንን ጋበዙ፤ ኩባንያው በጥር 2004 ዱከም ላይ ማምረት ጀመረ። በወራት ውስጥ! ልማታዊ መንግሥት ሲባል የነበረው ይሄ ነው። ትልቅ ባለሀብት አምጣ፣ መንገድና መብራት አቅርብለት፣ ለውጭ ይሽጥ፣ ዶላር ይግባ፣ የአገሬው ሰው ደግሞ እያየ ይማር።

ሥራ መፈጠሩን የሚክድ ቢኖር እኔ አይደለሁም። ግን ሐሳቡን ስንቀዳ ግማሹን ረስተናል። ደቡብ ኮሪያ በፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ዘመን ርካሽ ብድር የምትሰጠው ኤክስፖርት ላደረገ የራሷ ፋብሪካ ነበር፤ ያላደረገ ይቆረጥበታል። እኛ ጋ ዒላማውን የሳተ ምን ሆነ? በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መጨረሻ፣ በ2007፣ የቆዳው ዘርፍ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያመጣል ተብሎ ነበር፤ 150 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም። በ2014 ደግሞ አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ገበያዋ ውስጥ ከምንሸጥበት ዕድል አስወጣችን፣ እዚያ ገበያ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ ተንገዳገደ። ይህ ሁሉ ሲሆን ለዚህ ሼድ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች የደረሰው ሥራም፣ ሶልም፣ ትርፍራፊ ቆዳም የለም። መንገዱ በደጃቸው ያልፋል፣ በቃ።

ለኔ ዋናው ጉድ ያለው ግን ቆዳው ላይ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ያስታውሳል፤ በበዓል ማግስት "ቆዳ አለ? የበግ ቆዳ!" የሚል ድምፅ በየሰፈሩ ይዞር ነበር። አሁን ፋሲካ ባለፈ ማግስት ኮዬ ፈጬን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ሌጦው ቱቦ ውስጥ ተጥሎ ውሻ ይጎትተዋል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ነን፣ ጫማ ሰሪው ግን ንጹሕ ቆዳ አጣሁ ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2000 ጥሬና በከፊል ያለቀለት ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ 150 በመቶ ታክስ ተጣለበት። ዓላማው ሸጋ ነው፤ ጥሬውን ከምንሸጥ አልቆለት ይሸጥ። ፋብሪካዎቹን ገፍቷቸዋል፣ ያለቀለት ቆዳ ወደ ማምረት ገብተዋል። ችግሩ ገዢው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ብቻ ሲሆን ዋጋውንም እሱው ይቆርጣል። ሌጦ ዋጋ ካጣ ገበሬው በጉን እከክ ሲይዘው ለመድኃኒት ለምን ያወጣል? ገፋፊውስ ቢላዋው ቆዳውን ቢበጣው ምን ገዶት? እከክ ደግሞ ቆዳው ከለፋ በኋላም የሚታይ ጠባሳ ይተዋል። እኚያ አባት በመዳፋቸው የሚፈልጉት እሱን ነው። የደጋ በጋችን ሌጦ እኮ በጥራቱ ለጎልፍ ጓንት የሚፈለግ ነው! ግብርና መር ኢንዱስትሪ እያልን ስንት ዓመት ዘመርን፤ ግብርናውና ኢንዱስትሪው የሚገናኙባት ሌጦ ግን ቱቦ ውስጥ ናት።

ስለዚህ እኔን የሚጠይቅ ቢኖር የኢንዱስትሪ ፓርክም ሼድም ከመጨመሩ በፊት ገንዘቡን እዚህ ላይ አፈሰው ነበር። የእከክ መድኃኒት፣ የገጠር እንስሳት ሐኪም፣ ደህና ማረጃ ቦታ፣ ለጥሩ ሌጦ ደህና ዋጋ የሚከፍልና ጨው ይዞ የሚዞር ሰብሳቢ። ሌጦ ቶሎ ጨው ካልነካው በሰዓታት ውስጥ መበላሸት ይጀምራል። ሪባን የሚቆረጥበት ሥራ ስላልሆነ መሰለኝ ወዳጅ ያጣው።

ከብት ስላለን ብቻ ጫማ እንሸጣለን ማለቴም አይደለም። ጣልያን አብዛኛውን ጥሬ ቆዳ ከውጭ ታስገባለች። ጫማ ወደ ውጭ በመላክ ከቻይና ቀጥላ ያለችው ቬትናም ናት፣ በከብት እኛ ጋ አትደርስም። ሶሉ፣ ማስቲሹ፣ ቀለበቷ በእጅ የሚገኙበት ቦታ መኖሩ ነው ለውጥ ያመጣው። አንድ ደህና ሶል የሚያመርት ሰው እዚህ አቃቂ አካባቢ ቢኖር ስንት ሼድ ይጠቀም ነበር።

ዋጋውን እንኳን እዩት። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ፖሊሲው ላኪውን ያበረታታል ተባለ። እነዚህ ልጆች ግን የሚሸጡት በብር፣ ሶል የሚገዙት በዶላር ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ወጪያቸው ናረ። በሌላ በኩል የቻይናውም ጫማ ተወደደ፣ እና አሁን ሰው "ለዚያ ይህን ያህል ከከፈልኩማ እውነተኛ ቆዳ ልግዛ" ማለት ጀምሯል። ጎዳን ወይስ ጠቀመን ብዬ ስጠይቃቸው እርስ በርሳቸው ተከራከሩ እንጂ አንድ መልስ አልሰጡኝም። ትክክለኛው መልስ ያ ይመስለኛል።

ወቀሳዬስ? 44 ቁጥር አዝዤ ቅዳሜ ይደርሳል ተባልኩ። መብራት ጠፋ፣ ከዚያ ሶል አለቀ፣ ከዚያ የሚሰፋው ልጅ ለቅሶ ሄደ። ምክንያቶቹ እውነት ናቸው፣ ግን ደውለው ቢነግሩኝ ምን አለበት? ቃሊቲን አቋርጦ መምጣት እኮ ቀላል አይደለም። ደረሰኝ ስጠይቅ ፈገግታ ሰጡኝ። የውስጥ ሶሉ ክረምት ላይ በአንድ በኩል ተነሳ፤ መልሼ ስወስደው ሳይከራከሩ በነፃ አጣብቀውልኛል፣ ከዚያ ወዲህ ደህና ነው። ፎርማቸው (ጫማው ተወጥሮ የሚሠራበት የእግር ቅርጽ) ጠበብ ያለ ስለሆነ እግራችሁ ሰፊ ከሆነ አንድ ቁጥር ጨምራችሁ ለኩ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ እግር ሲያብጥ።

ቴሌብር ይቀበላሉ። እሁድ ዝግ ነው። ክርክር ይቻላል፣ 200 ብር ይቀንሳሉ፣ ከዚያ በታች አትልፉ፣ ያሳዝናሉ። አሮጌ የቆዳ ጫማ ካላችሁ ሶል ይቀይሩላችኋል፣ እሱም ጥሩ ሥራ ነው። የሴት ጫማ ግን አይሠሩም፤ ባለቤቴ ተናዳለች፣ ለሴት የሚሆነውን ፎርማ ለመግዛት ብድር ጠይቀው እየጠበቁ ነው።