የሮማ ጉትቻ በጀጎል፦ ክሩ ግሩም፣ ፍሬው ግን ይቅር

ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ ያለ አንድ ወርቅ ቤት በጥንታዊት ሮማ አምሳያ ጉትቻ ይሠራል። አምሳያው ክሮታሊያ የሚባለው ነው፦ ከአግድም የወርቅ ዘንግ የሚንጠለጠሉ ሁለት የሉል ዕንቁዎች ያሉት፣ ራስ በተነቃነቀ ቁጥር እየተጋጩ የሚያንሿሹ። በ79 እ.ኤ.አ. ቬሱቪየስ ሲፈነዳ የሞተው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ የሮማ ሴቶች በዚህ ድምፅ እንደሚደሰቱ ጽፏል።

የወርቅ ክር ሥራው እንከን አይወጣለትም። ግማሽ ሚሊ ሜትሩ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው፣ ጥምዝምዙም አይላላም፤ የሐረሪ የሰርግ ጌጥ የለመደ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ሮማውያን ክራቸውን ከስስ ወርቅ ቆርጠው፣ ጠምዝዘው ያንከባልሉት ስለነበር በማጉያ ሲታይ ጠመዝማዛ መስመር አለው። የዚህኛው በቀዳዳ ብረት የተሳበ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ጆሮ ላይ ሲውል ማንም አይለየውም።

ችግሩ ዘንጉ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅን የወርቅ ፍሬዎች ናቸው። የጥንቶቹ አንጥረኞች የመዳብ ማዕድን ዱቄት ከሙጫ ጋር ለውሰው ፍሬውን ይለጥፉበት ነበር። ሲግል ሙጫው ከስሎ መዳቡ ይለቀቃል፤ መዳብ የነካው ወርቅ ደግሞ ንጹሕ ወርቅ ከሚቀልጥበት 1064 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። ስለዚህ ፍሬው የሚያያዘው በነካበት ነጥብ ብቻ ነው፣ ክብነቱም አይጠፋም። እዚህ የሚሠራው በተራ መበየጃ ነው፤ መበየጃው በየመሐሉ ፈስሶ ፍሬዎቹን እንደ ገንፎ አንድ ላይ ያጣብቃቸዋል። ክር ብቻ ያለበትን እዘዙ።

ጥንዱ 5 ግራም ያህል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 የወጣው የኦፒየስ ሕግ ለአንዲት ሮማዊት የፈቀደላት ወርቅ ቢበዛ ግማሽ ኡንቂያ፣ ማለትም 13.6 ግራም፣ በእኛ ግማሽ ወቄት ግድም ነበር። ሕጉ የተሻረው ሴቶቹ አደባባይ ከወጡ በኋላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ195 ነው፤ ይህ ጉትቻ ግን ሳይሻርም ያልፍ ነበር።

ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ሉሉ ከመግባቱ በፊት ይሁን፤ አለዚያ ሉሉም በወርቅ ዋጋ ይታሰባል። ብየዳውም ከዚያ በፊት ይለቅ፣ እሳት የነካው ሉል ይደበዝዛል። ሉሉን የሚይዘው ክር ጫፍ ይጠቅለል እንጂ አይበየድ። በ21 ካራት ከሆነ የጆሮው መንጠቆ ከ0.8 ሚሊ ሜትር አይቅጠን፣ ይታጠፋል። ደረሰኙ ላይ ካራቱ፣ የወርቁ ግራም፣ የሉሉ ዋጋና የእጅ ዋጋው ለየብቻ ይጻፉ።