አጎዛ አስለፋለሁ ብላችሁ ቆዳችሁን እንዲሁ እንዳታስረክቡ

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ፣ የበግ ቆዳ ለአጎዛ ልታስለፉ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ። ከሱቁ አሁን መመለሴ ነው። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። በር ላይ ነጭ፣ ለስላሳ አጎዛ ይሰቅላሉ። «እንደዚህ አድርገን ነው የምንሰጥሽ» ይላሉ። ሙሉ ክፍያ በቅድሚያ ነው። ደረሰኝ የለም። ከዚያ በኋላ «ነገ ነይ» ነው፤ ነገ ስትሄጂ «ገና አልደረቀም» ነው።

የኔ ቆዳ የፋሲካው በግ ቆዳ ነበር። እናቴ ዳንግላ ከግልገልነቱ ጀምራ ያሳደገችው የዋሸራ ዝርያ ነው። የዋሸራን በግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ ነው። የኛው ደግሞ ጥርት ያለ ቀይ ቡኒ። እናቴን ወገቧን ያማታል፤ መደቧ ላይ የሚነጠፍ አጎዛ ላሠራላት ነበር ሐሳቤ። አራጁን ቢላ እንዳያበዛበት ለምኜ በቡጢ ነው ያስገፈፍኩት። ሙቀቱ እንደወጣለት የሥጋውን ወገን ጨው በጨው አደረግሁት። የቆዳውን ክብደት ግማሽ የሚያህል ጨው ነው የጨረሰው። ፀሐይም አላስነካሁትም፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቆዳ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ይበሰብሳል። ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ጥላ ውስጥ አቆይቼ ወሰድኩላቸው። ሲረከቡኝ ራሳቸው «ጎበዝ፣ በደንብ ነው የያዝሽው» ብለውኛል።

ዛሬ ልቀበል ሄድኩ። ልጁ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ከኋላው ካለው ክምር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ስቦ ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝ። ፈታሁት። ጠጉሩ ረጅም ነው። የተጠቀለለ፣ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር።

«ይሄ የኔ አይደለም» አልኩት።

«ሲለፋ መልኩ ይቀየራል» አለኝ። ስልኩን እያየ ነው የሚመልስልኝ።

መልኩስ ይቀየር። ጠጉር ሲለፋ ይረዝማል? ገልብጬ አየሁት። የሥጋው ወገን ነጭ ነው፤ በጣቴ ሳሸው ነጩ ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ከሥሩ ሳይፋቅ የቀረ ቢጫ ስብ አለ። አጠፍ ሳደርገው እንደ ካኪ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ከሆዱ በኩል ጠጉሩን ያዝ አደረግሁት። ገና ሳልጎትተው እፍኝ ሙሉ እጄ ላይ ቀረ። ይሄ ጨው ሳያገኝ የዋለ ቆዳ ምልክት ነው፤ መበስበሱ የሚጀምረው ከሆድና ከብብት ነው። የማን ቆዳ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ጠጉሩን አሳየሁት። «እህቴ፣ አበላሽተሽ አምጥተሽው ነዋ» አለኝ። ባለቤቱን ጥራልኝ አልኩ። ባለቤቱ ከጓዳ ብቅ አለ። ቆዳውን እንኳ አላየውም። ያየው እኔን ነው፣ ከላይ እስከ ታች። «ለአንድ የበግ ቆዳ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት? ሜዳ ላይ የሚጣል ነገር! እናትሽ ሌላ በግ የላትም እንዴ?» ልጁ ሳቀ። ቆዳ ሊሰጡ የመጡ አንድ አባት አጠገቤ ቆመው ነበር። ምንም ሳይሉ ቆዳቸውን ይዘው ወጡ።

በበዓል ማግስት ገዢ ጠፍቶ ቆዳውን የሚጥል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የኔ ግን የሚጣል ስላልነበር ነው ገንዘብ ከፍዬ የሰጠኋቸው። ገንዘቤን መልሱ ብል «የተሠራ ሥራ አይመለስም» ተባልኩ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ገንዘቡ አይደለም። እናቴ በደወለች ቁጥር «አጎዛዬ ደረሰ ወይ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

የምታስለፉ ካላችሁ ሳታስረክቡ ቆዳውን ፎቶ አንሱት። አንገቱ ጋ ምልክት በክር ስፉበት። ግማሹን ብቻ ክፈሉ። ስትቀበሉም እዚያው ገልብጣችሁ እዩ፣ ጠጉሩን ሳብ አድርጉ። አንድ ነገር ደግሞ፣ አሉም በሚባለው ማልፊያና በጨው ብቻ የተሠራ ቆዳ ውሃ ሲነካው መድኃኒቱ ታጥቦ ይወጣል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ድርቅ ይላል። በምን እንደሚያለፉት ጠይቁ።

ከነዚህ ቤቶች በአንዱ አጎዛ የተቀበላችሁ ወይም የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ አንዴ ዘርግታችሁ እዩልኝ። ቀይ ቡኒ ነው፣ ጠጉሩ አጭር፣ በቀኝ ጎኑ በኩል የጣት ያህል የቆየ ጠባሳ አለው። ካገኛችሁት ጻፉልኝ። የከፈላችሁበትን እከፍላለሁ።