የጀነሬተሬ ጣጣ ሁሉ ከተንሳፋፊው ነው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለችው የጽሕፈትና የኮፒ ቤቴ የገዛኋት አነስተኛ የቤንዚን ጀነሬተር መብራት በጠፋ ቁጥር ሳታስቸግር ትነሣለች፤ ኮምፒውተሩንና ማተሚያውንም ታሠራለች። ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለዚህኛው ወገኗ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እንድጽፍ ያደረገኝ ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ በሚሰጠው ካርቡሬተሯ ውስጥ የነበረው ጥቁር ተንሳፋፊ ነው።

የተንሳፋፊው ሥራ ውስብስብ አይደለም። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ሲገባ አብሮ ከፍ ይልና መርፌውን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲጠጣ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይከፍተዋል። የቤንዚን አንዱ ሊትር ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሚመዝን፣ በላዩ የሚንሳፈፈው ነገር ጥቂት ቢከብድ እንኳ ሥርዓቱ ይፋለሳል። የእኔው ከአረፋ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ ነበርና ቤንዚን እየመጠጠ ከበደ፤ መርፌው በጊዜው መዝጋት ተሳነው፤ ነዳጁ ይንጠባጠብ፣ ብልጭታ ሰጪው ካንዴላም ጥላሸት ይለብስ ጀመር። ከዚህ የባሰው ግን ትርፉ ቤንዚን በሲሊንደሩ በኩል ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር መቀላቀሉ ነው፤ የዘይቱ መጠን ሳይጨመርበት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሞተሩን ማስነሣት ራሱን በራሱ እንዲፍቅ መፍቀድ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ተንሳፋፊው ጤነኛ ሆኖም እንኳ ለአየሩ የሚበዛ ነዳጅ ይሰጣል። የከበደ ተንሳፋፊ በዚያ ላይ ይጨምርበታል። ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ባለችው ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ጀነሬተር ያለው ዘመዴ ስለ ጥላሸት የማያማርረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስም ሻጮቻችን አይነግሩንም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው።

ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ «ጋሼ፣ ቤንዚኑ ቆሽሾ ነው» ይለኛል። ቆሻሻ መርፌው ሥር ገብቶ እንዳይዘጋ ሊያደርግ እንደሚችል አልክድም፤ ተንሳፋፊውን ግን አያከብደውም። ይህን ለማረጋገጥ አሮጌውን ጠርጌና አድርቄ ከአዲስ ተንሳፋፊ ጋር ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት፤ አሮጌው በሲሶ ያህል ከበደ። ወርቅ ሠሪው ሳቀብኝ፤ ይሳቅ። በቀላል አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ሮታክስ 912 ሞተር ሁለት ቢንግ ካርቡሬተሮች ያሉት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ያሉት ሁለት ተንሳፋፊዎች በአንድነት ከ7 ግራም በላይ ከመዘኑ አይገጠሙም። ሰው ይዞ የሚበር ሞተር በግራም የሚጠበቅ ከሆነ፣ የእኔን ተንሳፋፊ በሚዛን መፈተኔ እብደት አይደለም።

አሁን የገጠምኩት ውስጡ ባዶ የሆነ የናስ ተንሳፋፊ ነው። ናስም ይቀደዳል፤ ነገር ግን አውጥቶ ጆሮ ሥር ሲነቀንቁት ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት አረፋ ካወጣ ጉዱ ወዲያው ይታወቃል። አረፋ መሰሉ ፕላስቲክ ግን ጠጥቶም ያልጠጣ ይመስላል። ካጠፋሁ በኋላ የነዳጁን መዝጊያም ሁልጊዜ እዘጋለሁ።

ጀነሬተሯን በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ዛሬም ብሆን እሷኑ እገዛለሁ። ያስቆጣኝ፣ እንዲህ ያለችው ትንሽ ዕቃ ለብቻዋ አትሸጥም ተብሎ ሙሉ ካርቡሬተር እንድገዛ መጠየቄ ነው። ደህናውን አካል ከነምኑ ጥሎ አዲስ ማስገዛት ለሻጩ ይጠቅም ይሆናል፤ እኔ ግን ተንሳፋፊ ለብቻው ወደሚሸጥ ሱቅ ሄጄ ገዝቻለሁ፤ ለመጠባበቂያም አንድ አስቀምጫለሁ።