የቦሼ እጅ ወይስ የሽታይንብሬኽት እግር?

ፈረንሳዊው የፈረስ ግልቢያ መምህር ፍራንሷ ቦሼ (እ.ኤ.አ. 1796–1873) ኋላ ላይ ባዳበረው ስልት ጋላቢው ዛቡን ሲይዝ እግሩን እንዲያሳርፍ፣ በእግሩ ሲገፋ ደግሞ እጁን እንዲያላላ ያስተማረ ሲሆን፣ ፈረሱ ገና በቆመበት መንጋጋውን ማለስለስን፣ ማለትም ልጓሙን ሳይታገል እንዲቀበል ማድረግን፣ ያስቀድም ነበር። ቦሼን አምርሮ የነቀፈው ጀርመናዊው ጉስታቭ ሽታይንብሬኽት (1808–1885) ግን ፈረሱን ወደፊት መንዳትና ቀጥ ማድረግን መነሻው አድርጎ፣ ልስላሴውን ከአንገት ሳይሆን ከኋላ እግሮች ኃይል ይጠብቃል።

የዞብል መቃብር የሚባለው ሕንፃ፣ በልማድ የንጉሥ ፈረስ መታሰቢያ ሆኖ፣ ከፋሲል መዋኛ አጠገብ በቆመባት ጎንደር፣ ለጉግስ የሚገራ ፈረስ በሽምጥ ግልቢያ መካከል በድንገት መታጠፍ ስላለበት የጀርመናዊው መሠረት ይሻለዋል እላለሁ። ሆኖም ልጓሙ በተሳበ ቁጥር አፉን ከፍቶ አንገቱን ወደ ሰማይ የሚወረውረውን (እንዲህ ያለውም አይጠፋም) የሚያረጋጋው ከእግር ግፊት ይልቅ የቦሼ እጅ ነው።