ቪአር መነጽር ወይስ ስክሪን? ለበረራ ሲሙሌተር ወዳጆች

የበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር አውሮፕላን የማብረር ጨዋታ) የሚወድ ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ አይቀርለትም፦ በስክሪን ልብረር ወይስ በቪአር፣ ማለትም ጨዋታው ውስጥ ያለህ በሚያስመስል መነጽር?

ዋጋ፦ ስክሪኑ ቤት አለ። ሜታ ኩዌስት 3 የተባለው የቪአር መነጽር ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ወጪው እዚያም አያበቃም። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ምስል ስለሚሠራ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ኪስ የሚራቆተው እዚህ ላይ ነው።

ስሜት፦ ቪአር፣ ያለ ክርክር። ሴስና 172 የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ስትቀመጥ ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) በእውነተኛ መጠኑ ይከብሃል። ለማረፍ ስትዞር አንገትህን ጠምዘዝ ታደርጋለህ፤ ማኮብኮቢያው ከክንፉ ኋላ ብቅ ይላል። ከመሬት ያለህን ከፍታ ዓይንህ ራሱ ስለሚለካ የአውሮፕላኑን አፍንጫ መቼ ቀና እንደምታደርግ ይገባሃል። ስክሪን ላይ ይህ ባብዛኛው ግምት ነው።

ምቾት፦ በስክሪን ኪቦርዱን ታያለህ፣ ማስታወሻ ትይዛለህ፣ ቡናህን ሳትደፋ ትጠጣለህ። በቪአር ሁሉም በዳሰሳ ነው።

ጤና፦ በቪአር ዓይን መዞሩን ያያል፣ የጆሮ ሚዛን ጠባቂ ግን አይሰማውም። ማቅለሽለሹ ከዚህ ይመጣል። አጭርና ቀጥ ባለ በረራ ጀምር። ካጥወለወለህ ቶሎ አውልቀው፤ «እችለዋለሁ» ብሎ መታገል ያባብሰዋል።

በኤርባስ ለሰዓታት የምትበር፣ ቻርት (የበረራ ካርታ) የምታነብ ከሆነ ስክሪን ይሻልሃል። በትንሽ አውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ተራራ ለተራራ መዞር ለሚያስደስትህ ቪአር ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በስክሪን እንኳ የሚንቀራፈፍብህ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አሻሽል።